ዘና በሉ ብያለሁ!

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰልፍ ላይ ከሆነ ሰልፉን ያስተካክላል። አውቶቡስ ውስጥ ከሆነ ለሹፌሩ መታጠፊያውን ይነግረዋል። ሊፍት ውስጥ ከሆነ የሁላችንንም ፎቅ ጠይቆ ቁልፉን የሚጫነው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያልን እናማዋለን። እኔ ግን ሹመቱን አከብራለሁ፤ የእነዚህን ሹማምንት ሁሉ የበላይ አውቃቸዋለሁና። እሳቸው የሚያዙት ሰልፍም መታጠፊያም አይደለም። ሰው ዘና እንዲል ነው የሚያዙት። እምቢ ያለውን ደግሞ ይቆጡታል።

ስማቸውን የሚጠራ የለም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው፣ የነርሶች አለቃ ሆነው ጡረታ ስለወጡ ሜትረን እንላቸዋለን። እኔማ ብችል ክብርት ሜትረን፣ የትከሻዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የዮጋ አዳራሹ ጠቅላይ አዛዥ ብላቸው ደስ ባለኝ። ፊት ለፊታቸው ግን አልሞክረውም።

ዮጋ የገባሁት ወገቤ ከድቶኝ ነው። ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ መቀመጥ ነው። አንድ ቀን ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝና ሽማግሌው ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ ካየ በኋላ «ይሄ ወገብ ክኒን አይደለም የሚፈልገው። ጉልበትም ዕረፍትም ነው፤ ሁለቱንም እኩል» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

«እቤት ወገብህን የሚያሽልህ ሰው አለ?»

«የለም።»

ቀና ብሎ ሳያየኝ ብዕሩን አነሳ። «እንግዲያው ዮጋ ሂድ» አለኝ።

አዳራሹ ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ጎማ ሲተነፍስ ከላይ እኛ እንተነፍሳለን። የመጀመሪያው ቀን ደረጃውን እያለከለክሁ ስጨርስ፣ ነጭ የሸራ ጫማ ያደረጉ፣ ሽበታቸውን ወደ ኋላ ጠፍረው ያሰሩ ሴት ከላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ዘግይተሃል» አሉኝ።

ሰዓቴን አየሁ። «ገና ነው እኮ፤ አልተጀመረም።»

«ጫማ ማውለቂያ፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ፣ ሽንት ቤት መሄጃ ጊዜ የለህም። ዘግይተሃል።» ይህን እያሉ የእጄን አንጓ ይዘው የልቤን ትርታ መቁጠር ጀመሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ ምንም የሚያበረታታ ነገር አላየሁም። «ጫማ!»

አወለቅኩ። ጫማዬን አነሱና አፍንጫውን ወደ ደረጃው አዙረው ከሌሎቹ ጫማዎች ጋር በመስመር አስቀመጡት። ለምን እንደሚዞር ጠየቅኋቸው።

«እሳት ቢነሳ ጫማውን ሲያዞር የቆየ ሰው ይቃጠላል» አሉኝ።

አስተማሪዋ እሳቸው መስለውኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እውነተኛዋ አስተማሪ ውስጥ ነበረች። ቀጭን ልጅ ናት፤ ከአፏ ለሚወጣው ቃል ሁሉ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ሰውነታችሁ ይጽና፣ ፊታችሁ ይለስልስ። ጉልበትና ዕረፍት አብረው ይኑሩ» ትላለች። ከኋላ ረድፍ ሜትረን ይህንኑ ቃል ወደ መመሪያ ይለውጡታል።

«ጥርስ አትንከሱ! ግንባር አትቋጥሩ! ትከሻ ከጆሮ ይውረድ! ዘና በሉ ብያለሁ!»

እና ይገርማችኋል፣ ዘና እንላለን። ከፍርሃት የተነሳ የሚመጣ ዘና ማለት መኖሩን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በአንድ እግር መቆም ያለበት የዛፉ አቋቋም የሚባል ነገር አለ። አንድ ቦርጫም ጠበቃ አብሮን ይሠራል፤ ዛፍ በሆነ ቁጥር ወለሉ እንደሚያዳልጥ፣ ካልሲው አዲስ እንደሆነ፣ መስኮቱ ነፋስ እንደሚያስገባ ያስረዳል። ሜትረን አንድ ቀን ታገሱት፣ ሁለተኛ ቀን ታገሱት፤ በሦስተኛው «አንተ ጠበቃ! ዛፍ አይከራከርም፤ ዝም ብለህ ቁም!» አሉት። ቆመ። እሳቸው ራሳቸው ሲቆሙማ ምሰሶ ናቸው። ጣሪያው እሳቸው ላይ ያረፈ ይመስለኝ ነበር።

ወደ እኔ የሚመጡት ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ካልሲያቸው ወለሉን ሲያሽ እሰማለሁ፤ ከዚያ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ያርፋል። ሰፊና ሞቃት እጅ ነው፤ አይቸኩልም። ወደ ታች ይጫነኛል።

«ጋዜጠኛ፣ ምን ተሸክመህ ነው?»

«ምንም።»

«እሱ ነው የሚከብደው» ይሉና ያልፋሉ።

ይህን ነገር ሰው አያወራውም፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ልናገረው። ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጄ ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ከገባች ቆየች፤ እናቷ ደግሞ ከዚያ በፊት ሌላ ቤት፣ ሌላ ኑሮ መሥርታለች። ከዚያ እጅ በቀር ከሰኞ እስከ ሰኞ ሰው የሚባል አይነካኝም። ፀጉር አስተካካዬ አለ፤ እሱም ወሬው እንጂ እጁ አይደለም የሚበዛው። ሰው ሳይነካው ሲከርም ምን እንደሚሆን ሐኪሜም አልነገረኝ። እንደተዘጋ ክፍል ነው የሚሆነው፤ ማንም ያላበላሸው፣ ግን አየሩ የታፈነ።

ከሁሉ የሚገርመው የሜትረን ጠባይ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ መቆም፣ መለጠጥ፣ መንቀጥቀጥ ካለቀ በኋላ በጀርባችን ተንጋለን ዓይናችንን የምንጨፍንበት ሰዓት አለ። ትክክለኛ ስሙ የሬሳ አተኛኘት ነው ይባላል። አስተማሪያችን ቃሉን ስለምታፍረው «የመጨረሻው ዕረፍት» ትለዋለች፤ ይህም ብዙ የተሻለ አልሆነም። ለሜትረን ስለ ጥቅሙ ልታብራራላቸው ስትጀምር «ልጄ፣ ሬሳ እንዴት እንደሚተኛ ለእኔ አትንገሪኝ፤ ስንቱን በእጄ አስተካክዬ አስተኝቻለሁ» ብለው ዝም አሰኟት አሉ።

ስለዚህ እኛ ስንንጋለል ሜትረን ይነሳሉ። መጋረጃ ይዘጋሉ። በየእግራችን ላይ ብርድ ልብስ ይጥላሉ፤ ጠርዙን ከተረከዛችን ሥር ይወትፋሉ። ከዚያ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ይዘጉና ከጫማዎቹ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ በተዘጋ በር በኩል ወደ እኛ የሚደርሰው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፦ «እሽሽ! ሰው ተኝቷል!» ጎማ ጠጋኙ ዝርዝር ብር ሲፈልግ መጥቶ በዚህ ቃል ተመልሷል። የሕንፃው ባለቤት ራሱ ቁልፉን እያንሿሿ ሲወጣ፣ የገዛ ደረጃውን በጣቱ ቆሞ እንዲወርድ ተደርጓል።

እኔ ኩራት መሰለኝ። አንዳንድ ሰው ምክር ማደል እንጂ መቀበል ነውር ይመስለዋል፤ እሳቸውም ዕረፍትን እንደ መድኃኒት ለበሽተኛ ብቻ የሚያዙ፣ ራሳቸው ግን የማያስፈልጋቸው መስለውኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ ውስጥ አገኘኋቸው። ባለፋርማሲዋም አብራን የምትሠራ፣ በመጨረሻው ዕረፍት ላይ ከሁላችን ቀድማ የምታንኮራፋ ሴት ናት። እኔ ስገባ ሁለት ሰዎች «ተራው የእኔ ነው» «የእኔ ነው» እየተባባሉ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። ሜትረን በመሃላቸው ቆመው «ሁለታችሁም ትከሻ!» አሉ። የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሁለቱም ትከሻ ዝቅ አለ። ትከሻ ከወረደ በኋላ ጠብ መቀጠል እንደማይመች ያኔ አየሁ። አንደኛው «እሺ አንተ ቅደም» ብሎ ነገሩ አለቀ።

ባለፋርማሲዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለ፣ ሜትረን?» ስትላቸው ሰማሁ።

«የእኔን ተይው። የዚህን ሰውዬ የወገብ ቅባት ስጪው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። አብረን ወጣን።

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ቤት።»

«ማን አለ?»

«ማንም።»

ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የእኔም ቤት ይህንኑ ያህል ሰው ነው ያለው» ብለው መንገዱን ተሻገሩ። ሲሻገሩ አንድ መኪና አስቆመው ሹፌሩን ሲገሥጹት አየሁ፤ መሪውን አጥብቆ ይዞ ይሆናል።

እኔ ቤት ገብቼ ምንጣፌን በጠረጴዛውና በአልጋው መሃል ዘረጋሁ። አስተማሪያችን እቤትም ሞክሩ ትለናለች። ዛፍ ሆንኩ፤ እግር አንፈራጥጠው የሚቆሙትን ተዋጊ ሆንኩ፤ ጉልበቱስ አልጠፋም። የጎደለኝ ሌላ ነው። ትከሻዬ ይውረድ አይውረድ ማወቅ አልቻልኩም። መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ሁለቱም ትከሻዎቼ ደህና መሰሉኝ፤ ግን የራስን ትከሻ ማን ያምናል? ከዚያ ተንጋለልኩ። ፍሪጁ ያጉረመርማል። በግድግዳው ማዶ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይስቃል። ጥቂት እንደተጋደምኩ ተነስቼ መብራቶቹን በሙሉ አበራሁ።

እንዲህ እያልን ስንኖር አንድ ሐሙስ አስተማሪያችን ጉሮሮዋ ተዘግቶ ቀረች። መልእክቱን ያነበበልን ጠበቃው ነው፤ ሲያነብ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ቦርሳችንን ማንሳት ጀመርን።

«ወዴት?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። «ምንጣፍ ዘርጉ!»

ያን ዕለት የሆነውን ወገቤ አይረሳውም። ተዋጊው ላይ አቁመውን እያንዳንዳችንን ሲያስተካክሉ፣ የመጀመሪያውን አስተካክለው መጨረሻው ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያው ይጎብጣል፤ እንደገና ይመለሳሉ። ጠበቃው ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ «ክብርት ሆይ፣ አቤቱታ አለኝ» አለ። «ይግባኝ የለም። ጥርስህን ልቀቅ» አሉት። በመጨረሻ «ተኙ!» ሲሉ ማንም ለመተኛት አልተቸገረም፤ እንዳለን ወደቅን። ብርድ ልብሱ መጣ፤ መጋረጃው ተዘጋ። ሆኖም በዚያ ቀን መሪዋ እሳቸው ስለሆኑ መውጣት አልቻሉም።

ዝም አልን። ዝምታው መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ረዘመ። ባለፋርማሲዋ ማንኮራፋት ጀመረች። ከታች የጎማ ቤቱ የብረት በር ወረደ፤ ሠራተኞቹ ተሰነባብተው ሄዱ። በመጋረጃው ሥር ይገባ የነበረው ብርሃን ከወለሉ ለቆ ጠፋ። ቀዘቀዘኝ። ለመንቀሳቀስ የደፈረ የለም።

«ሞተን ይሆን እንዴ?» አለ ጠበቃው በሹክሹክታ።

«እሽሽ።»

ትንሽ ቆይቶ ካልሲያቸው ወለሉን እያሸ ወደ እኔ ሲመጣ ሰማሁ። ጆሮዬ አጠገብ ተንበረከኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

«ጋዜጠኛ።»

«አቤት።»

«ልጅቷ ከዚህ በኋላ ምን ትላለች?»

«ምኑን?»

«ሰውን እንዴት አድርጋ ነው የምትቀሰቅሰው? እኔ የማውቀው መብራት አብርቶ ቴርሞሜትር አፍ ውስጥ መክተት ነው።»

ሳቄ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ዓይኔን ገልጬ ፊታቸውን ሳየው ግን ተመለሰ። ፈርተዋል። ያ ሁሉ ሰው በእሳቸው ትእዛዝ ተኝቶ፣ መቀስቀሻው ጠፍቷቸው ነበር። እኒህ ሴት ይህን ያህል ጊዜ አብረውን ሲሠሩ ያቺን የመጨረሻ ሰዓት አንድ ቀን እንኳ ውስጥ ሆነው እንዳላሳለፏት ያኔ ገባኝ። መጀመሪያ የእጅ ጣት፣ ከዚያ የእግር ጣት፣ ከዚያ በቀኝ ጎን ዞሮ ጥቂት መቆየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መነሳት እንደሆነ ነገርኳቸው። ብድግ አሉና ድምፃቸውን አገኙት።

«የእጅ ጣት! የእግር ጣት! በቀኝ ጎን! ቀስ ብላችሁ ተነሱ፤ ቀስ ብያለሁ!»

ሌሎቹ እጃቸውን እያሹ ሲወርዱ እኔ ጫማዬን በማሰር ዘገየሁ። ሜትረን የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለምንድነው አብረውን የማይተኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ተኝቼ ማን ይጠብቃል?»

«ማንን ነው የሚጠብቁት?»

ጫማዬን እያዩ «አላልተህ ነው ያሰርከው» አሉ። እንደገና ማሰር ጀመርኩ። ሳይጠየቁ ቀጠሉ።

«የሌሊት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው ሲተኛ እኔ እነቃለሁ፤ ጠዋት እቤት እገባለሁ። ባለቤቴ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እቤት ነው የሚሠራው። ስገባ 'ተኚ፣ እኔ ነቅቻለሁ' ይለኛል። ከዚያ ወዲያኛው ክፍል ይቀመጣል። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እሰማለሁ፤ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። እሱን እየሰማሁ ጭልጥ ነው።» ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ከሞተ ወዲህ ተጋድሜ ዓይኔን ስጨፍን ቤቱ ዝም ይላል። ዝም ሲል እነቃለሁ። ወንበር ላይ ነው የማሸልበው። እዚህ የመጣሁት ሰውነቴ ቢደክም ልተኛ ብዬ ነበር። ደከመኝ እንጂ አልተኛሁም።»

ጸሐፊ ነኝ እላለሁ፤ ያን ዕለት ግን «አይዞዎት» ከማለት ያለፈ ነገር አልወጣኝም።

«ትከሻህ ተነስቷል» አሉኝ። «ሂድ፣ መሽቷል።»

ሰኞ አስተማሪያችን አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ መጣች። ዛፍ ላይ ስንደርስ ምሰሶው ተወዛወዘ። ሜትረን ናቸው። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ጣል አድርገው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። ጠበቃው ሳይቀር አላየሁም ብሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ። በዚያ ክፍል ውስጥ ትከሻ የሚል ድምፅ ሳይሰማ የቀረ ቀን ያ ብቻ ነው፤ ደስ የሚል ቀን አልነበረም።

የመጨረሻው ዕረፍት ሲደርስ እኔ ቀድሜ ተነሳሁ። መጋረጃውን ዘጋሁ። ብርድ ልብስ አደልኩ፤ መወተፉን አልቻልኩበትም። ከዚያ ወጥቼ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ተከትለውኝ ወጡ።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ?»

«ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ። ይግቡ፤ ይተኙ።»

«አንተ? የራስህን ትከሻ የማትጠብቅ ሰውዬ፣ ሰው ልትጠብቅ?»

«ሜትረን፣» አልኳቸው፣ «እኔ ነቅቻለሁ።»

ቆመው አዩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በመዳፋቸው ቶሎ ጠረጉት፤ «በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው» ብለው ገቡ።

ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁና የጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። አነሳሁት። ደግሜ አስቀመጥኩት። ካቻቢቴ ምን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም፤ በግምት ነው የሠራሁት። የሕንፃው ባለቤት ቁልፉን እያንሿሿ ከታች ብቅ ሲል «እሽሽ! ሰው ተኝቷል!» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም።

«አንተም ጀመርክ?» አለና በጣቱ ቆሞ ወረደ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ጣት አንቀሳቀሱ፤ ዞሩ፤ ተነሱ። አንድ በአንድ በካልሲያቸው እየተሹለከለኩ ወጡ። ጠበቃው እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ «ተኝተዋል» አለኝ። አስተማሪያችን «ልቀስቅሳቸው?» ስትል ባለፋርማሲዋ ክንዷን ያዘቻት። «በእናትሽ ተያቸው» አለቻት። ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ። እኔ የሚጠብቀኝ ቦታ የለም። ተቀመጥኩ፤ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ አነሳሁ።

ሜትረን ነቅተው ሲወጡ የምንጣፉ ጥልፍ ጉንጫቸው ላይ ታትሞ፣ ሽበታቸው ከማሰሪያው አምልጦ ነበር። የት እንዳሉ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ወደ መደርደሪያው አዩ። ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ ቀርቷል። ጎንበስ ብለው የእኔን አዞሩት፤ በስህተት ወደ ግድግዳ አስቀምጬው ነበር። ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። አልተጫኑኝም፤ ዝም ብሎ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ የበሩ ተረኛ እኔ ነኝ። ሜትረን እንደ ድሮው ያዛሉ፤ ይቆጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ገብተው ይተኛሉ። ባለፋርማሲዋ እንደምትለው ማንኮራፋትም ጀምረዋል፤ ይህን እኔ አልጻፍኩም። የእኔ ወገብ ከዳነ ቆየ፤ ትከሻዬም ከወረደ ሰነባብቷል። ካልሲያቸው ከኋላዬ ወለሉን ሲያሽ ስሰማ ግን ማንም ሳያየኝ፣ ቀስ አድርጌ፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ አነሳዋለሁ።